እናትን «አርጅተሻል» ከማለታችሁ በፊት አስመርምሯት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኩላሊት ሕመምተኞች በየጊዜው ትጽፋላችሁ፣ እናመሰግናለን። ግን ሁሌም የሚጻፈው ስለ ገንዘብ ነው። የእጥበት ዋጋ፣ የመድኃኒት መወደድ፣ ውጭ ሄዶ ለመታከም መንገድ ላይ የሚለመነው ብር። ሁሉም እውነት ነው፣ እኛም ቤት ገብቶ አይተነዋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ብሩ ተገኘም አልተገኘም ቤተሰብን ቁጭ አድርጎ ስለሚያጨቃጭቅ ሌላ ነገር ነው። ኩላሊቱን ማን ይስጥ? ወጣቱ ወይስ ትልቁ?

ኩላሊት ከሞተ ሰው በሚወሰድባቸው አገሮች ይሄ ጥያቄ በአብዛኛው የሐኪምና የኮምፒውተር ሥራ ነው። እኛ ጋ የቤተሰብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመጡ ሐኪሞች እገዛ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲሠራ የጀመረው በሕይወት ካለ ዘመድ በተወሰደ ኩላሊት ነው። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ለጋሹ መጀመሪያ የሚመረጠው ሆስፒታል ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ አጎት ተጠርቶ።

እኛ ቤት ወንድሜ ነው የታመመው፣ 34 ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይገባ ነበር። እናታችን 59 ዓመቷ ነው። ግፊት የለባትም፣ ስኳር የለባትም፣ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ የምታዩዋት ሴት አይደለችም። የመጨረሻዋ እህታችን 22 ነች፣ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች። እናታችን ገና ወሬው ሲነሣ «እኔ እያለሁ ምን ትጨነቃላችሁ? እኔ እሰጠዋለሁ» አለች። አጎታችን፣ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ወዲያው አቋረጣት። «እትዬ፣ አንቺ'ኮ አርጅተሻል! ያረጀ ኩላሊት ምን ይሠራለታል? ልጅቷ እያለች!»

ሁላችንም ዞር ብለን እህታችንን አየናት። እሷ ደግሞ ምን ትበል? ወንድሟ ነው። አንገቷን ደፋች፣ «እሺ» አለች። እንዲህ ያለውን «እሺ» ፈቃደኝነት ብሎ መመዝገብ ከባድ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ሕክምና ቤትም አልረዳንም። ያነጋገረን ባለሙያ የእናቴን ዕድሜ ሲሰማ ካርድ እንኳ ሳያወጣ «ከ50 ካለፉ ባትደክሙ ይሻላል፣ ወጣት አምጡ» ብሎ አሰናበተን። የግፊት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አልለካትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ምርመራ ወድቃ ቢሆን ምንም አልልም ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አጎቴ የተናገረው ግማሹ ልክ ነው። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሰው ይዟቸው ይወለዳል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አይፈጠርም። የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ኩላሊታቸውን የለገሱ ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ18 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው ለጋሾች በአንድ ኩላሊት በአማካይ 990 ሺህ ያህል ደህና ማጣሪያ ነበራቸው። ከ70 እስከ 75 የሆናቸው ግን 520 ሺህ ያህል ብቻ። እነዚህ'ኮ በሽተኞች አይደሉም። ተመርምረው «ጤነኛ ናችሁ፣ መስጠት ትችላላችሁ» የተባሉ ሰዎች ናቸው። ግማሹ የሚጠጋው በዕድሜ ብቻ ሄዷል ማለት ነው።

በተለይ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ላይ ዕድሜ ጎልቶ ይታያል። ከሽማግሌ የተወሰደ ኩላሊት ከተተከለ በኋላ ቶሎ ሥራ የማይጀምርበት ጊዜ ይበዛል፣ ስለዚህ ሰውየው ተተክሎለትም ለተወሰነ ጊዜ እጥበት ሊቀጥል ይችላል። በረዶ ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት እንደ ወጣት ኩላሊት አይችለውም። የተቀባዩ ሰውነትም ይበልጥ ይቃወመዋል፣ ከተቃወመው በኋላ ደግሞ ቶሎ አያገግምም። አሜሪካኖች በ2002 ይህን ደንብ አድርገው ጻፉት። ሟቹ ለጋሽ 60 ዓመት ከሞላው፣ ወይም ከ50 እስከ 59 ሆኖ የደም ግፊት፣ ከፍ ያለ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምር ቆሻሻ)፣ ወይም በጭንቅላት ደም መፍሰስና መርጋት መሞት ከሚሉት ሦስቱ ሁለቱ ካሉበት፣ ኩላሊቱ ለብቻው ይመደባል። እንዲህ ያለው ኩላሊት ከሌላው ይልቅ የመክሸፍ ዕድሉ 70 በመቶ ያህል ይጨምራል ብለው ነው። በኋላ በ2014 መጨረሻ ላይ ይሄን ደንብ ትተው ዕድሜን ከሌሎች ነገሮች ጋር ደምሮ ነጥብ የሚሰጥ ስሌት አመጡ። ዕድሜ ብቻውን አይወስንም ለማለት ነው።

ግን ይሄ ሁሉ የሞተ ሰው ኩላሊት ነው። በ60 ዓመቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ ለዓመታት ግፊት የነበረበት ሰው ነው፣ ኩላሊቱም አብሮ ተጎድቷል። ከዚያ በመሞቱ ጊዜ ያለው ውጣ ውረድ አለ፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ ሰዓታት አሉ። እናቴ ግን በእግሯ ሄዳ፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ተመርምራ፣ ኩላሊቷ ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤቱ ክፍል የሚያልፍ ሴት ነች። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መዳኘት አይቻልም።

በዚህም ላይ የተሠራ ጥናት አለ። 70 ዓመት ሞልቷቸው በሕይወት እያሉ ኩላሊት የሰጡ 219 አሜሪካውያን ተከታትለዋቸዋል፣ ውጤቱ የወጣው በ2011 ነው። የእነሱ ኩላሊት በሕይወት ካሉ የ50ዎቹ ዕድሜ ለጋሾች ከተገኘው ያነሰ ነው የቆየው፣ ይሄ አይካድም። ነገር ግን በ50ዎቹ ዕድሜያቸው ከሞቱ፣ ኩላሊታቸው ደህና ከሚባል ሰዎች ከተወሰደው ጋር እኩል ለእኩል ወጣ። ያ ደግሞ ሌላው ዓለም ዓመታት ተሰልፎ የሚጠብቀው ኩላሊት ነው። ይሄ እንግዲህ የ70 ዓመት ሰው ነው። እናቴ 59 ነች!

አጎቴ ጨርሶ ያልቆጠረው ሌላው ግማሽ ደግሞ የለጋሹ ነው። ሁላችንም የምንጠይቀው «ለበሽተኛው የቱ ይሻላል?» ብለን ነው። ለሚሰጠውስ?

በ2014 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ለጋሾችን ከእነሱ ጋር እኩል ጤነኛ ከሆኑ ካልለገሱ ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በ15 ዓመት ውስጥ የራሳቸው ኩላሊት ጨርሶ የደከመባቸው ለጋሾች ከ10 ሺህ ሰው 31 ያህል ናቸው። ካልለገሱት ደግሞ ከ10 ሺህ ሰው 4 ያህል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ማንንም ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። ግን 15 ዓመት ለማን ስንት ነው? እህቴ ላይ ሲቆጠር 37 ዓመቷ ላይ ያልቃል። ግፊትና ስኳር ብዙውን ሰው የሚይዘው ከዚያ በኋላ አይደል? የ22 ዓመት ልጅ የላቦራቶሪ ወረቀት ሁሌም ያምራል። ወደፊት ስኳር ይያዛት አይያዛት ወረቀቱ አይነግረንም። የ59 ዓመት ሴት ግን ያንን ዕድሜ አልፋው፣ ግፊቷም ስኳሯም ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ የምንጠይቃት ጥያቄ አብዛኛው ተመልሷል። ቀሪ ዘመኗም በአንድ ኩላሊት ለመኖር ያን ያህል ረጅም አይደለም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና።

እርግዝናም አለ። ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ላይ፣ ከለገሱ በኋላ ያረገዙ ሴቶችን ያጠኑ ሐኪሞች በ2015 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ (ግፊቱ ሌላ አካልንም ሲጎዳ የሚባለው) በለጋሾቹ ላይ 11 በመቶ ሲታይ፣ ካልለገሱት ላይ 5 በመቶ ነው። አብዛኞቹ በሰላም ወልደዋል። ነገር ግን ገና ላላገባች ልጅ ይሄ ሊነገራት ይገባል ወይስ አይገባም? እኛ ሳሎን ውስጥ ያነሣው ሰው አልነበረም። አጎቴም አላነሣው፣ ያ ባለሙያም አላነሣው። ካናዳ ወይም ኖርዌይ ብንሆን ያነሡት ነበር፣ እዚህ ግን እናቶች በወሊድ ግፊት የሚሞቱበት አገር ላይ ተቀምጠን ዝም አልን።

እግረ መንገዴን አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን አንድ ነገር ልበል። እዚያ ወጣት ጥቁር ለጋሽ ሲቀርብ አደጋው ከፍ ተደርጎ ሲሰላ ኖሯል። አንዱ ምክንያት በተለይ ምዕራብ አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ የሚገኝ፣ ኩላሊትን ለጉዳት የሚያጋልጥ ኤፒኦኤል1 የሚባል የዘረመል ዓይነት ነው። በ2011 የታተመ ጥናት ግን በኢትዮጵያውያን ናሙናዎች ላይ ፈልጎ አላገኘውም። ስለዚህ ቆዳችሁን አይቶ ብቻ «አይሆንም» ወይም «አደገኛ ነው» የሚላችሁ ካለ፣ የዘረመሉ ምርመራ ይሠራልኝ ማለት መብታችሁ ነው። ግፊትና ስኳር ግን ዘር አይመርጡም፣ ያ እንዳይረሳ።

ሌላው እኛ የማናስበው ነገር የተተከለ ኩላሊት ለዘላለም አለመቆየቱ ነው። በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ ደህና ኩላሊት 15 ዓመትም 20 ዓመትም ሊያገለግል ይችላል፣ ከዚያ ያነሰም ይኖራል። ወንድሜ 34 ነው። በ50 ዓመቱ ሌላ ቢያስፈልገውስ? እናታችን ያኔ 75 ትሆናለች፣ መስጠት አትችልም። እህታችን 38 ትሆናለች፣ ወልዳ ጨርሳ፣ ጤናዋም ይበልጥ ታውቆ። ውጭ አገር ልጆቻቸው የታመሙባቸው ቤተሰቦች ይሄን አስልተው መጀመሪያ ወላጅ ይሰጣል፣ ወንድምና እህት ለኋላ ይቆያሉ። ወላጅና ልጅ ደግሞ በቲሹ (ሰውነት የራሱን ከባዕድ በሚለይበት ምልክት) ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ይዛመዳሉ፣ ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ወንድምና እህት ላይ ግን ዕጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ሊዛመዱ ይችላሉ፣ ጨርሶ ላይዛመዱም ይችላሉ።

ታማሚው ራሱ ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የጀርመን፣ የኔዘርላንድ፣ የኦስትሪያና የሌሎች አገሮች የጋራ ድርጅት የሆነው ዩሮትራንስፕላንት ከ1999 ጀምሮ 65 ዓመት ከሞላቸው ሟቾች የተገኘ ኩላሊት 65 ዓመት ለሞላቸው ታማሚዎች የሚሰጥበት አሠራር አለው። ኩላሊቱ ሩቅ አይሄድም፣ እዚያው አቅራቢያ ቶሎ ይተከላል፣ የቲሹ ዝምድናም እንደ ወትሮው አይጠበቅም። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የ68 ዓመት ሰው 40 ዓመት የሚሠራ ኩላሊት አያስፈልገውም፣ ዛሬ ከእጥበት የሚያወጣው ኩላሊት ነው የሚያስፈልገው። ስፔን ከሟች ለጋሾቿ ከግማሽ በላዩ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፣ ከሟቾች በሚገኝ ልገሳ ግን ከዓለም ቀዳሚ ናት። በ2019 የወጣ ንጽጽር ደግሞ አሜሪካ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሟቾች ካወጣቻቸው ኩላሊቶች 17.9 በመቶውን ስትጥል ፈረንሳይ የጣለችው 9.1 በመቶ ነው ይላል። አሜሪካ ከጣለቻቸው ከግማሽ በላዩን ፈረንሳዮች ይተክሏቸው ነበር። ፈረንጅም እንደ አጎቴ «አርጅቷል» ብሎ ይጥላል ለማለት ነው።

የሌላው አካል ነገር ደግሞ የተለያየ ነው። ልብ ከወጣት ሲሆን ይመረጣል፣ 50 ካለፈ በኋላ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ጉበት ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ራሱን ያድሳል። በ2024 ሚዙሪ ውስጥ የሞቱ ኦርቪል አለን የሚባሉ የ98 ዓመት የቀድሞ ወታደር ጉበታቸው ለ72 ዓመት ሴት ተተክሏል፣ በወቅቱ በአሜሪካ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ለጋሽ ተብለዋል። የዓይን ብሌንም እንዲሁ ነው። አሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከ12 እስከ 65 ዓመት ከነበሩ ሟቾችና ከ66 እስከ 75 ከነበሩት የተወሰደው ብሌን በአምስተኛው ዓመት ላይ እኩል 86 በመቶ ያህሉ ይሠራ ነበር። የዓይን ባንክ ዓይናችሁን ከሞታችሁ በኋላ ለግሱ ሲል «እኔ አርጅቻለሁ፣ ለማንም አይጠቅምም» እያሉ የሚመለሱ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ይሄን ይስሙት።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ሌላ ሆስፒታል ሄድን፣ እዚያ እናቴን ተቀብለው መረመሯት። የ24 ሰዓት ሽንት በጀሪካን ይዛ ሄደች፣ በታክሲ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ሰው እንዳያይባት እየተሳቀቀች። አልትራሳውንድ፣ የደም ሥር ሲቲ ስካን፣ የልብ ምርመራ፣ የስኳር ምርመራ። ኩላሊቷ በደቂቃ የሚያጣራው 88 ሚሊ ሊትር ሆኖ ወጣ። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ 90ና ከዚያ በላይ ይበቃል፣ ከ60 በታች አይሆንም፣ በመሐል ያለው ከሰውየው ዕድሜና ጤና ጋር ታይቶ ይወሰን ይላል። ሐኪሙ በደንብ ነው ያስረዳን። 88 የ22 ዓመት ልጅ ላይ ቢገኝ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፣ ለ59 ዓመት ሴት ግን ጥሩ ነው። ያው ቁጥር፣ ሌላ ትርጉም።

ለብቻዋ አስገብተውም ጠየቋት። «እናቴ፣ ሰው አስገድዶዎት ነው?» ሲሏት ምን እንዳለች በኋላ ነገረችን። «ልጄ ሲሞት ቆሜ እያየሁ እኔ ሁለት ኩላሊት ይዤ መቃብር ልግባ?» አለቻቸው። ይሄ በሕክምና ቋንቋ ፈቃደኝነት ነው አይደለም አላውቅም። ግን ከእህቴ «እሺ» ይሻላል።

የእናቴ ኩላሊት ተተክሎለት ወንድሜ አሁን እጥበት አይገባም። ክሪያቲኒኑ 1.6 ላይ ቆሟል። ክትትል ሲሄድ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ኩላሊት የተተከለላቸው ሁሉ እንደ ማትሪክ ውጤት «አንተ ስንት መጣልህ?» ይባባላሉ። ከ25 ዓመት ወንድሙ የተሰጠው አንድ ልጅ አለ፣ 1.1 ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ያሳስበው ነበር። ሐኪሙ «ያንተ 1.6 ሳይነቃነቅ ከቆየ ጥሩ ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር አትወዳደር፣ ከራስህ ካለፈው ወር ጋር ተወዳደር» ብሎ ገላገለው። ትልቅ ሰው ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሰውየው ግን ሥራ ይሄዳል፣ ውሃ እንደ ልቡ ይጠጣል። እናቴም ለማገገም ከወጣት ሰው የበለጠ ጊዜ ፈጅቶባታል፣ ይሄንንም አልደብቅም። ሌላዋ እናት ደግሞ ተመርምራ ግፊት ሊገኝባት ይችላል፣ ያኔ አይሆንም ይባላል፣ ያ ደግሞ ለራሷም ጤና መልካም ነው። ወጣት ይስጥ ከተባለም ይስጥ፣ ዐውቆ፣ ተነግሮት። እኔ የምለው ዕድሜዋ ሲሰማ በሩ ላይ አትመለስ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ንቅለ ተከላ እዚህ አገር ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፏል። ሄዳችሁ ጠይቁልን። የለገሱት ሰዎች ዕድሜ ስንት ነበር? ከ50 በላይ የሆኑት ስንት ናቸው? የእነሱ ኩላሊት ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት ነው? የሰጡትስ ሰዎች የት ደረሱ? ስለ ተቀባዩ ሁሉም ይጠይቃል፣ መድኃኒቱም ቀጠሮውም ይታወቃል። ለጋሹ ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚፈልገው የለም። በየዓመቱ ግፊቱ መለካት፣ ሽንቱና ክሪያቲኒኑ መታየት አለበት፣ ወጣት ከሆነ ደግሞ ይሄ ለሃምሳ ዓመት ነው። እናቴን እስካሁን ከሆስፒታሉ ደውሎ «ግፊትዎን ተለክተዋል ወይ?» ያላት የለም። እኛ ነን ሰፈር ካለው ፋርማሲ እየወሰድን የምናስለካት።

አንባቢያችሁ ነኝ፣
ከአዲስ አበባ